ወርቁ ለንደን ይደርሳል፣ ዝቃጩ ሻኪሶ ይቀራል

የጋብቻ ቀለበታችሁን አውልቃችሁ አንዴ መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡት። ክብደቱ ጥቂት ግራም ቢሆን ነው። ይህ ወርቅ ከየት እንደመጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ስለ ቡና ሲሆን ይርጋጨፌ ነው፣ ሐረር ነው፣ ጅማ ነው ብለን እንለያለን። ስለ ጤፍ ሲሆን የአዳ ነው አይደለም ብለን እንከራከራለን። ወርቅ ላይ ስንደርስ ግን ካራቱን እንጂ አገሩን አንጠይቅም። ዛሬ ስለ አንድ የወርቅ አገር ላጫውታችሁ። ልጆችም አብራችሁ አንብቡ፤ ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ለገደምቢ የት ነው?

ለገደምቢ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በኦሮሚያ ክልል ጉጂ ዞን፣ ሻኪሶ ከተማ አጠገብ ያለ የወርቅ ማውጫ ነው። ድሮ የመንግሥት ነበር። በ1997 የሼህ መሐመድ አላሙዲ ኩባንያ ሚድሮክ በ172 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ የ20 ዓመት ፈቃድም ተሰጠው። አገሩ የከብት አርቢና የገበሬ አገር ነው። ሰውም ከብቱም ወንዝ ይወርዳል።

ልጆች፣ ወርቅ እንደ ድንች ተቆፍሮ ብቻ አይወጣም። አንድ ቶን ድንጋይ ተፈጭቶ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ግራም ነው። የተፈጨው ድንጋይ ሳያናይድ ከሚባል መርዝ ጋር ይደባለቃል፤ መርዙ ወርቁን ያሟሟውና ከድንጋዩ ይለየዋል። የሚተርፈው ጭቃ በትልቅ ግድብ ይጠራቀማል። አለቱ ውስጥ ተኝቶ የነበረው አርሴኒክ የተባለው መርዝም ሲፈጭ አብሮ ይወጣል። ግድቡ በደንብ ካልተጠበቀ መርዙ ወደ ወንዝና ወደ አፈር ይገባል።

ሕዝቡ ምን አለ?

የሻኪሶ አካባቢ ሰዎች ለዓመታት ሲጮኹ ኖረዋል። እናቶች ጽንስ ጨነገፈብን፣ ልጆቻችን የአካል ጉዳት ይዘው ተወለዱ አሉ። አርቢዎች ከብቶቻችን አለቁ አሉ። ኩባንያው ጥፋተኛ አይደለሁም ይል ነበር። የ20 ዓመቱ ጊዜ ሲያልቅ መንግሥት ፈቃዱን ለ10 ዓመት አደሰው። ይህ ሲሰማ፣ በ2018፣ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ጠበንጃ ያልያዙ፣ ገንዘብ የሌላቸው፣ ስማቸውን ማንም የማያውቅ ሰዎች ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው፤ በሜይ 2018 የማዕድን ሚኒስቴር ፈቃዱን አገደ።

ታሪኩ ግን በዚህ አላለቀም። ሥራው በ2021 እንደገና ተጀመረ። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2023 ባወጣው ዘገባ፣ መንግሥት ያስጠናቸው ጥናቶች በውሃውና በአፈሩ ውስጥ ብዙ መርዛማ ብረታ ብረት እንዳገኙ፣ ውጤቱ ግን ለነዋሪው በወጉ እንዳልተነገረ ገልጿል። አንድ የስዊዘርላንድ የወርቅ ማጣሪያ፣ አርጎር ሄሬየስ፣ እስከ 2018 ድረስ ከዚያ ወርቅ ይገዛ እንደነበርም ጽፏል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ የመደበቁ ነገር ነው። እኔ ምግብ ቤት ነው ያለኝ። የካውንስል ተቆጣጣሪ ሳይነግረኝ ይመጣል፤ ፍሪጄን ይከፍታል፣ ማጠቢያዬን ያያል፣ ከዜሮ እስከ አምስት ነጥብ ይሰጠኛል። ነጥቤን ደግሞ ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ያየዋል። ሽሮና ጥብስ የሚሸጥ ሰው እንዲህ ከተፈተሸና ውጤቱ ለሕዝብ ከወጣ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ወርቅ የሚያወጣ ኩባንያ አጠገቡ ያለው ውሃ ምን እንዳለበት ለሚጠጣው ሰው ለምን አይነገርም?

በ1995 ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት እኮ ግልጽ ነው። አንቀጽ 44 ለሁሉም ሰው በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል። አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ጉዳይ የሚነካው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። ሻኪሶ የጠየቀው ከዚህ ያለፈ አይደለም።

«አገሪቱ ዶላር ያስፈልጋታል፣ ማዕድኑም እንጀራ ለብዙ ሰው ይሰጣል» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው። ግን ዝቃጩን በደንብ መያዝ፣ ውሃውን መመርመር፣ የታመመውን ማሳከም ወጪ ነው፤ ያንን ወጪ ኩባንያው ካልከፈለው እናትየዋ ትከፍለዋለች።

እኛ አርችዌይ ሆነን ምን አገባን?

አንደኛ፣ ለንደን የዓለም የወርቅ ገበያ ዋና ከተማ ናት። የለንደን የወርቅ ነጋዴዎች ማኅበር ከ2012 ጀምሮ ማጣሪያዎች ወርቃቸው ከየት እንደመጣ እንዲያጣሩ ደንብ አውጥቷል። ደንቡ የሚሠራው ግን ጠያቂ ሲኖር ነው።

ሁለተኛ፣ ሰፈራችን ራሱ አስተማሪ ነው። በ1970ዎቹ መንግሥት አርችዌይ ሮድን ሊያሰፋ ሲነሳ፣ ነዋሪዎች የሕዝብ ጉባኤዎቹን አዳራሽ ሞልተው አናስቀጥልም አሉ። አጣሪ መጣ፣ አጣሪ ሄደ፤ እነሱ ግን አልሰለቹም። ዕቅዱ በ1990 ተሰረዘ። ዛሬ 43 ቁጥር አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠን በመስኮት የምናያቸው የድሮ ቤቶችና ሱቆች ጎረቤቶቻችን ያተረፏቸው ናቸው። ልዩነቱ እዚህ ሰው ጮሆ ማታ ቤቱ ይገባል፤ እዚያ መጮህ ራሱ ያስፈራል።

ስለዚህ ሦስት ቀላል ነገሮች ልበላችሁ። ለሠርግ ወይም ለክርስትና ወርቅ ስትገዙ «ይህ ከየት ነው የመጣው?» በሉ፤ ባለሱቁ ባያውቅ እንኳ ጥያቄው ወደ ላይ ይሄዳል። እንደገና የቀለጠ አሮጌ ወርቅ አለ ወይ ብላችሁም ጠይቁ። ለፓርላማ ተወካያችሁ ጻፉ፤ ለንደን ስለሚገባው ወርቅ ምን ቁጥጥር እንዳለ ይጠይቅላችሁ። ልጆቻችሁ እንግሊዝኛው ስለሚቀላቸው እነሱ ይጻፉት፣ እናንተ ንገሯቸው።

ሦስተኛው ይበልጣል። አገር ቤት ስትደውሉ «ሰላም ናችሁ?» ብላችሁ አትዝጉ። የምትጠጡት ውሃ እንዴት ነው በሏቸው፤ የሚነግሯችሁንም ጻፉት።