ቄጠማው የሚታጨድበት ረግረግ፣ ቡናው የሚለቀምበት ጫካ

ለዓመት በዓል የምንጎዘጉዘው ቄጠማ ከየት እንደሚመጣ የከተማ ልጆችን ብትጠይቁ «ከገበያ» ነው የሚሏችሁ። የእኔም ልጆች እንዲሁ ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። ለዚህ ነው ዛሬ ቄጠማውና ቡናው ጎን ለጎን ስለሚበቅሉበት አገር፣ አማቴ ስለተወለዱበት ስለ ኢሉባቦር ልጽፍላችሁ የፈለግሁት።

በመቱ ዙሪያ ኮረብታውን ደን፣ በኮረብታዎቹ መካከል ያለውን ዝቅተኛ ቦታ ደግሞ ረግረግ ይዞታል። ሰዉ ረግረጉንም ሣሩንም «ጨፌ» ይለዋል። (ጨፌ ኦሮሚያ የሚለው የምክር ቤት ስም የመጣው ከዚሁ ነው፤ የገዳ ጉባኤ የሚቀመጠው በለምለም መስክ ላይ ነበርና።) ሣሩ ታጭዶ ቤት ይከደንበታል፣ ለቡና ይጎዘጎዛል። ረግረጉ በክረምት የጠጣውን ውኃ በበጋ ቀስ እያለ ስለሚለቅ በዳርቻው ያሉት ምንጮች አይነጥፉም። ይህን ውኃ ቀድታ የምትመለስ እናት ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ረግረጉ ማሳም መሆን ይችላል፤ ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቦይ ተቆፍሮ ውኃው ከጠነፈፈ በበጋ በቆሎ ይዘራበታል። እሸቱ የሚደርሰው የኮረብታው እህል አልቆ ጎተራው ባዶ በሚሆንበት በክረምቱ ወራት ነው። ልጆቹን ማብላት ያለበትን አባት «አትረስ» ማለት አዲስ አበባ ለተቀመጥነው ቀላል ነው። እኔ አልለውም። ረግረግ ሲያርሱ የኖሩ ሰዎችም የሚያውቁት መንገድ ሌላ ነው፤ ውኃው የሚነሳበትን የረግረጉን ራስ አይነኩም፤ ቦዩን ከልክ በላይ አያጠልቁም፤ በቆሎው ሲነሳ ቦዩን ደፍነው ውኃውን ይመልሱታል፤ ከብትም አይለቁበትም። እንዲህ የተያዘ ረግረግ እየታረሰም ቄጠማ ያበቅላል። ጨርሶ የተጠነፈፈው ግን ጥቂት ዓመት በቆሎ ይሰጥና አፈሩ ይደርቃል፣ ምርቱ ይቀንሳል፣ ከብት የሚረግጠው ደረቅ መስክ ሆኖ ይቀራል።

ጅማ ከተማ ዙሪያ ደግሞ ረግረጉን የሚሻማው ሌላ ነው። ለጡብ ጭቃው ይቆፈራል፣ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። ጡብም ባሕር ዛፍም ወዲያው ብር ያመጣሉ፤ ምንጭ ግን ማንም ሲገዛው አይታይም።

ወደ ጫካው ልመልሳችሁ። ይህ ጫካ ሰው ያልገባበት አይደለም። ሥሩ ይመነጠራል፣ ቡናው ይለቀማል፣ ቀፎ ይሰቀላል፣ ኮረሪማው ይሰበሰባል። ገተማ የሚባለው ዛፍ ሲያብብ ነጭ ማር ይቆረጣል። ከወንዛውና ከብሳናው ጥላ ሥር የሚያድገው ቡና ግን ለቤተሰብ ገቢ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ ፍሬውን እያጠቆረ ሲያራግፈው፣ የጅማ ተመራማሪዎች መፍትሔ የፈለጉት በሽታው ካልበገራቸው ዛፎች ዘንድ ነበር። 74110 እና 74112 የሚባሉት የታወቁ ዝርያዎች እናት ዛፎች የተገኙት እዚያው መቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ ነው። 74 የሚለው ቁጥር የተመረጡበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል። ያ ጫካ ቀደም ብሎ ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ ተመራማሪዎቹ ምን ይመርጡ ነበር?

በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የያዩንና የካፋን የቡና ደኖች በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቧል፤ ሸካም ከሁለት ዓመት በኋላ ተከትሏል። የያዩው እዚያው ኢሉባቦር ውስጥ ነው። ደስ የሚለኝ አሠራሩ ነው፤ መሐሉ በጥብቅ ይጠበቃል፣ በዙሪያው ደግሞ ቡናና ማር ይመረታል፣ ሰው ይኖራል። ሆኖም ምዝገባ መጥረቢያ አያስቆምም። ለሻይና ለቡና እርሻ የሚመነጠር አለ፣ ምርት ለመጨመር ተብሎ ጥላው ከልክ በላይ የሚሳሳም አለ። ይህ ሁለተኛው ቶሎ አይታይም። ዛፎቹ ከሩቅ ቆመዋል፤ ቡናውም አለ፤ ከሥር ግን የነገ ዛፍ የሚሆን ችግኝ የለም።

ቆርቆሮ ከተስፋፋ ወዲህ ለክዳን ጨፌ የሚፈልግ ሰው እየቀነሰ ነው፤ ስለዚህ ረግረጉን ለሣሩ ብሎ የሚያቆይ ገበሬ ምክንያቱ ሳስቷል። የጫካ ቡናውም ከሌላው ጋር ተደባልቆ በአንድ ዋጋ ከተሸጠ ለጥላው የሚጨነቅበት ምክንያት አይኖረውም። ቡና ስትገዙ የጫካ ይሁን የማሳ ነጋዴውን ጠይቁት፤ ልጆቹም አብረዋችሁ ካሉ ይስሙ።