ትራክተር ሁለት የፍሬን ፔዳል ለምን አለው?

በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው ማሴ ፈርጉሰን 135 ትራክተር ፍሬን ያለው በኋላ ጎማዎቹ ላይ ብቻ ነው። እያንዳንዱ የኋላ ጎማ የራሱ ታንቡርና የራሱ ፔዳል አለው። ለምን ቢባል፣ ሾፌሩ ማሳው ጥግ ደርሶ ወደ ግራ ሲዞር የግራውን ፔዳል ብቻ ይረግጣል፤ የግራው ጎማ ሲያዝ በአክስሉ መካከል ያለው ዲፈረንሻል ዙሩን ለቀኙ ይሰጠዋል፤ ትራክተሩም በጠባብ ቦታ ይዞራል። ጭቃ ውስጥ በከንቱ የሚሽከረከረውን ጎማ በፍሬን ቢይዙት ሌላው መግፋት ይጀምራል። ጥሩ ብልሃት ነው!

አስፋልት ላይ ግን ይኸው ብልሃት ሰው ይገድላል። በፍጥነት እየሄደ አንዱ ፔዳል ብቻ ቢረገጥ ትራክተሩ ወደዚያው ጎን ይጠመዘዛል፤ ሊገለበጥም ይችላል። ስለዚህ ሾፌሩ መንገድ ከመውጣቱ በፊት ሁለቱን ፔዳሎች በማያያዣው ይቆልፋቸዋል። የአንዱ ወገን የፍሬን ሸራ ካለቀ ግን ተቆልፈውም ወደ ጎን ይጎትታል። በዚያች ቅጽበት ፓራፋንጎ ላይ የተቀመጠ ልጅ የሚወድቀው ከትልቁ ጎማ ሥር ነው።