የቲ ሴል ምልክትና የክትባት ጥበቃ፦ በደጋማ ወረዳዎች ውርጭ የሚያስከትለው ጉዳት

በአገራችን የፔንታቫለንት ክትባት በ2007 እ.ኤ.አ.፣ የኒሞኮከስ ክትባት (ፒሲቪ) ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. በመደበኛው የክትባት መርሐ ግብር ገብተዋል። የሁለቱም ጥቅም የተመሠረተው ረዳት ቲ ሴል ለቢ ሴል በሚሰጠው ምልክት ላይ ነው።

ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ታይፕ ቢና ኒሞኮከስ በፖሊሳካራይድ ሽፋን የተሸፈኑ ባክቴሪያዎች ናቸው። ቢ ሴል ሽፋኑን ይለየዋል፤ ረዳት ቲ ሴል ግን በዋነኛነት የሚያውቀው የፕሮቲን ቁራጭን ነው። ያለ ቲ ሴል ርዳታ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የሚሰጡት ምላሽ ደካማ ነው፤ ዘላቂ ትውስታም አይተውም። በዚህም ምክንያት በክትባቱ ውስጥ ፖሊሳካራይዱ ከፕሮቲን ጋር ተጣምሮ ይቀርባል።

ቢ ሴሉ ሁለቱን በአንድነት ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ፕሮቲኑንም ቆራርጦ በኤምኤችሲ ክፍል 2 ላይ ያቀርባል። ቀደም ሲል በዴንድሪቲክ ሴል የነቃው ሲዲ4 ቲ ሴል ቁራጩን ሲያውቅ በሲዲ40 ሊጋንድ አማካይነት ከቢ ሴሉ ሲዲ40 ጋር ይያያዛል፤ ኢንተርሉኪን 4 እና 21ንም ያመነጫል። ቢ ሴሉ ምልክቱን ተቀብሎ ይባዛል፤ ከአይጂኤም ወደ አይጂጂ ይሸጋገራል፤ የትውስታ ሴሎችንም ያፈራል።

የዚህ ሰንሰለት መነሻ ዴንድሪቲክ ሴል ነው። እርሱን የሚያነሣሣው በክትባቱ ውስጥ ያለው የአሉሚኒየም ጨው ሲሆን፣ ክትባቱ አንዴ በረዶ ከሆነ ጨው ተጓጉሎ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ቢቀልጥም አይመለስም።

ራስ ደጀን በሚገኝበት የሰሜን ተራሮች አካባቢ፣ እንደ በየዳ ባሉ ደጋማ ወረዳዎች፣ ከሙቀት እኩል ውርጭም ያሰጋል። በብልቃጡ ላይ ያለው መከታተያ ምልክት የሚያሳየው የሙቀትን ጉዳት ብቻ ስለሆነ በረዶ የሆነውን ክትባት አያጋልጥም። ስለዚህ፦

• ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠበቅ፤ ሌሊትም ቴርሞሜትሩ ይታይ።
• አይስ ፓክ ሲነቀነቅ በውስጡ የውኃ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ወደ ክትባት መያዣው አይግባ።
• የሚያጠራጥር ብልቃጥ፣ ከአንድ አምራችና ከአንድ የምርት ቁጥር ሆን ተብሎ በረዶ ከተደረገ ብልቃጥ ጋር በመነቅነቅ ይነጻጸር፤ እኩል ፈጥኖ ከዘቀጠ ይወገድ።

አለዚያ ልጇን አዝላ ረጅም መንገድ የተጓዘች እናት ካርዷ ተሞልቶላት ትመለሳለች፤ ሕፃኑ ግን ጥበቃ ሳያገኝ ይቀራል።