ነጭ አበባ፣ ቀይ ቀለም፦ እንሶስላን በመስከረም ማወቅ

በ2012 ዓ.ም. የመስቀልን በዓል ለማሳለፍ ወደ አገው ምድር፣ እንጅባራ አቅራቢያ ወደሚኖሩት አክስቴ ቤት ሄጄ ነበር። ልጃቸው በጥር ልትዳር ቀን ተቆርጦላት ስለነበር የቤቱ ወሬ ሁሉ ስለ ሠርግ ነው። አክስቴ በማግሥቱ ጠዋት፣ «ወደ ወንዙ ከወረድክ እንሶስላ ፈልገህ ምልክት አድርግልኝ» አሉኝ።

እኔ ደግሞ የማስበው በሙሽሮች እጅና እግር ላይ የማውቀውን ቀይ ቀለም ነው። ቀይ አበባ ፍለጋ ወረድኩ፤ አገኘሁም። ምልክት ማድረጉን ትቼ ከነሥሩ ነቅዬ በኩራት ተመለስኩ። አክስቴ አዩትና ሳቁ። «ይኼማ ዘመዱ ይሆናል እንጂ እሱ አይደለም። የእንሶስላ አበባ ነጭ ነው፤ ቀለሙ ያለው ከመሬት በታች ነው» አሉኝ።

ስህተቱ የእኔ ብቻ አይመስለኝም። ብዙዎቻችን የከተማ ሰዎች እንሶስላን በስሙ እንጂ በመልኩ አናውቀውም። ስለዚህ ከአክስቴ የተማርኩትንና በኋላ ከመጻሕፍት ጋር ያመሳከርኩትን ላካፍላችሁ።

የእንሶስላ ሳይንሳዊ ስም ኢምፓሸንስ ቲንክቶሪያ ነው። ስሙን ያወጣለት አሺል ሪሻር የተባለ ፈረንሳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሆን፣ ይህም ስለ ኢትዮጵያ ዕፅዋት በጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጨረሻ መታተም በጀመረው መጽሐፉ ነው። ኢምፓሸንስ በላቲን «ትዕግሥት የለሽ» ማለት ነው፤ የበሰለው ፍሬ ሲነኩት ፈንድቶ ዘሩን ስለሚበትን ነው። ቲንክቶሪያ ደግሞ «ለማቅለሚያ የሚውል» ማለት ነው።

ተክሉ እርጥበትና ጥላ ይወዳል። የወንዝ ዳር፣ የጫካ ጠርዝና የጓሮ ጥግ ይስማማዋል። ግንዱ ወፍራምና ውኃ የተሞላ ሲሆን እስከ 2 ሜትር ሊያድግ ይችላል። የቅጠሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥቃቅን ነው። ዋናው መለያው ግን አበባው ነው። እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የተዘረጉ ትልልቅ ነጭ ቅጠሎች አሉት፤ ጉሮሮው ወይን ጠጅ ቀለም የተቀባ ይመስላል፤ ከኋላው ደግሞ ከጣት የሚረዝም ቀጭን ጭራ ይንጠለጠላል። እኔ የነቀልኩት ቀዩ፣ በኋላ እንደተረዳሁት፣ ኢምፓሸንስ ሮቲ የሚባለውና ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው የእንሶስላ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም።

ለቀለም የሚፈለገው ድንች መሰሉ ሥር ነው። ተቆፍሮ፣ ታጥቦና ተወቅጦ በእጅና በእግር ላይ ይደረግና በጨርቅ ተጠቅልሎ ይታደራል። «እንሶስላ ሞቀች» የሚባለው ይህን ነው። በከተማ የምንጠቀምበት ሂና ግን ሌላ ተክል ነው፤ ቀለሙም ከቅጠሉ ይወጣል። የሂናን ቀለም የሚሰጠው ላውሶን የተባለው ንጥረ ነገር ኢምፓሸንስ ባልሳሚና በተባለው የእንሶስላ ዘመድ ውስጥም ተገኝቷል። ላውሶን ከቆዳ ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ በውኃ አይለቅም፤ የሚጠፋው የላይኛው ቆዳ ሲታደስ ነው። «ጥቁር ሂና» እየተባለ ከሚሸጠው ግን መጠንቀቅ ይገባል። ፒፒዲ የተባለ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል የሚቀላቀልበት ጊዜ ስላለ፣ ቆዳን እስከ ማቁሰል የሚደርስ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል።

ታዲያ አክስቴ ለጥር ሠርግ በመስከረም ለምን ቸኮሉ? ነገሩ ወዲህ ነው። በጥር ዝናቡ አልፎ የእንሶስላ ግንድ ይደርቃል፤ ሥሩ ብቻ መሬት ውስጥ ተኝቶ ቀጣዩን ክረምት ይጠብቃል። ሠርጉ ሲደርስ የሚታይ አበባም ቅጠልም የለም። በመስከረም ያላወቀው ሰው በጥር የት ይቆፍራል?

በማግሥቱ አብረን ወረድን። ከቤቱ በታች ያለው ተዳፋት ለከሰል በተተከለ ዲከረንስ ተሸፍኗል። አክስቴ ድሮ የሚያውቁት ቦታ በመጥፋቱ ብዙ ከተጓዝን በኋላ ነው ነጩን አበባ ያገኘነው። አጠገቡ ሦስት እንጨት ተከልን። ሙሽራዋ ራሷ ተክሉን ያየችው ያን ዕለት መሆኑን ስትነግረኝ፣ እኔ ብቻ አለመሆኔ ቢያጽናናኝም ነገሩ አሳሰበኝ። እናት የምታውቀውን ልጅ በአበባው ወቅት ወርዳ ካላየችው፣ ተክሉ ቢኖር እንኳ እንሶስላነቱን የሚያውቅ ሰው ላይኖር ነው።

በጥር ስመለስ ከሦስቱ እንጨቶች ሁለቱ ቆመው ነበር። አክስቴ ቆፍረው የሚበቃቸውን ካወጡ በኋላ ትልቁን ሥር መልሰው አፈር አለበሱት። «ይኼ ለታናሿ ነው» አሉ፤ ታናሺቱንም ጠርተው ቦታውን አሳዩዋት።