ድፍርስ ውሃ ለምን ቶሎ አይጠራም?

በክረምት ከወንዝ የተቀዳ ውሃ በእንስራ ቢያድርም እንደደፈረሰ ይቆያል። ለምን ይሆን?

ውሃውን የሚያደፈርሰው የሸክላ አፈር ብናኝ ነው። ብናኞቹ ሁሉ ኔጌቲቭ የሚባል የኤሌክትሪክ ሙል አላቸው። ተመሳሳይ ሙል ያላቸው ነገሮች ደግሞ ይገፋፋሉ፤ ልክ የሁለት ማግኔቶች ተመሳሳይ ጫፎች ሲጠጋጉ እንደሚገፋፉት ማለት ነው። ስለዚህ ብናኞቹ አይያያዙም፤ እጅግ ደቃቅ በመሆናቸውም ቶሎ አይዘቅጡም።

ታዲያ መላ የለውም? አለው። የሱዳን ገጠር ሴቶች የዓባይን ድፍርስ ውሃ የሚያጠሩት በሞሪንጋ ዘር ነው። ሞሪንጋ የእኛው ሽፈራው ዘመድ ነው። ሳሚያ አል አዝሃሪያ ያህን የተባሉ ተመራማሪ ይህንኑ ዘዴ በካርቱም አጥንተዋል። የደረቀው ዘር ተልጦ ይወቀጥና ውሃው ውስጥ ገብቶ ይማሰላል። በዘሩ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ፖዘቲቭ ሙል ስላለው ብናኞቹን ስቦ ያያይዛቸዋል። የተያያዙት ብናኞች ክብደት ያገኙና ይዘቅጣሉ፤ ውሃው ከላይ ይጠራል።

ነገር ግን ልብ በሉ! ጠራ ማለት ጸዳ ማለት አይደለም። አብዛኛው ጀርም ከዝቃጩ ጋር ቢወርድም የቀረው ያሳምማል። እንግዲህ የጠራውን ቀስ አድርጋችሁ ቅዱና አፍልታችሁ ጠጡ። የሰማችሁትንም ላልሰማ ንገሩ።

ደህና ሁኑ!