ውስጥ እግር ላይ የሚደበቀው የቆዳ ካንሰር

«የቆዳ ካንሰር የነጮች በሽታ ነው» የሚል እዚህ ኦሞራቴም አይጠፋም። ጥቁር ቀለማችን ከፀሐይ ይከላከልልናል፤ እውነት ነው። ሜላኖማ የተባለው ክፉ ዓይነት ግን በጥቁር ሰው ላይ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ የማያየውን ውስጥ እግር ይመርጣል።

እ.ኤ.አ. በ1991 ቤልጅየም ውስጥ የነቲዬሪ ቡን ቡድን ማጅ-1 የተባለውን ጂን አገኘ። ጂኑ በጤነኛ ቆዳ ተዘግቶ ይኖራል፤ በአንዳንድ ሜላኖማ ግን ተከፍቶ ፕሮቲን ያሠራል። የፕሮቲኑ ቁራጭ ሴሉ ላይ ሲወጣ ነጭ የደም ሴሎች ጠላታቸውን ይለዩበታል። በዚሁ የጂን ቤተሰብ ላይ የተሠራ ክትባት ግን ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሽታው እንዳያገረሽ ማድረግ እንዳልቻለ በ2013 ታወቀ።

ስለዚህ ቶሎ ማየት ይበልጣል። ለውዱእ እግራችንን ስናጥብ ውስጥ እግራችንንም ገልብጠን እንይ፤ እያደገ የሚሄድ ጥቁር ነጥብ ወይም የማይድን ቁስል ካለ፣ ቅባት ፍለጋ ወደኛ መድኃኒት ቤት ሳይሆን ወደ ጂንካ ሆስፒታል ነው።