ከስፖንጅ የተሠራው ሰይፍ

«አባዬ፣ ሰይፍ ልገዛ ነው፤ ገንዘብ ስጠኝ።»

የ17 ዓመት ልጅዎ ከትምህርት ቤት ተመልሶ እንዲህ ቢልዎት ምን ይመልሱለታል? እኔ በቁጣ «ምን ልታደርግበት?» ነበር ያልኩት። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። በሁለት ሥራ ስለምባክን ከልጄ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ወግ ካወጋን ቆይተናል። ባለቤቴ ግን «እስቲ መጀመሪያ ስማው» አለችኝ፤ ሰማሁት።

ጨዋታው ምንድን ነው?

ጨዋታው ዳጎርሂር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1977 እዚሁ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የተጀመረ ሲሆን፣ ለአጀማመሩ ምክንያት የሆኑት የቶልኪን ልብ ወለዶች ናቸው። በ1983 ደግሞ አምትጋርድ የተባለ ተመሳሳይ ጨዋታ በቴክሳስ ተጀምሯል። ተጫዋቾቹ የጥንት አውሮፓውያንን የሚመስል ልብስ ለብሰው፣ በስፖንጅ በተሸፈነ ሰይፍና ጦር፣ ጋሻም ይዘው ሜዳ ላይ ይገጥማሉ። እጁን የተመታ በዚያ እጁ መዋጋቱን ያቆማል፤ እግሩን የተመታ ይንበረከካል፤ ደረቱን የተመታ ይወጣል። በሰይፍ ራስ ላይ መምታት ክልክል ነው። መመታቱን የሚናገረው ደግሞ የተመታው ሰው ራሱ ነው። ጨዋታው በሐቀኝነት ላይ የቆመ መሆኑን ስሰማ ቁጣዬ በረደ።

እንግዛ ወይስ እንሥራ?

ከባለቤቴ ጋር ተመካከርን። ተሠርቶ ያለቀ ሰይፍ በኢንተርኔት ይሸጣል፤ ነገር ግን ልጁ ይዘልቅበት እንደሆነ አላወቅንም። ስለዚህ የብሽሽት መከላከያውን ገዛን፤ እጀ ጠባቡን ባለቤቴ ሰፋች፤ ሰይፉን ለመሥራት እኔና ልጄ ተስማማን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለውስጡ ቀላል የፋይበር ግላስ ዘንግ ወይም የፒ.ቪ.ሲ. ቱቦ ይመረጣል። ካምፕ የሚወጡ ሰዎች መሬት ላይ የሚያነጥፉት ዓይነት ጠጣር ስፖንጅ ይቆረጥና በዘንጉ ዙሪያ ይለጠፋል። ማስቲሹ በሁለቱም ገጽ ተቀብቶ ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው ይጠበቃል፤ ከዚያ አንዴ ከተገጣጠመ ማስተካከል ያስቸግራል። ጭሱ ስለሚጎዳና በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ ሥራው ደጅ ይሁን። ጫፉና የእጀታው መጨረሻ በደንብ ተደራርቦ ይሸፈናል፤ ጫፉ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ እንዳይገባ ሰፊ መሆን አለበት። በመጨረሻ የጨርቅ ልባስ ይለብሳል። ስለቱን በፕላስተር መጠቅለል ግን ምቱን ያጠነክረዋል።

የቸኮልኩበት ቀን

ከሥራ ደክሜ በመጣሁበት ምሽት ልጄ «ጫፉ ሌላ ድርብ ይጨመርበት» አለኝ። «ይበቃዋል» ብዬ ዘጋሁት። በጨዋታው ቀን እያንዳንዱ መሣሪያ ይፈተሻል። ፈታሹ ጫፉን በአውራ ጣቱ ሲጫነው ዘንጉ ተሰማው፤ ሰይፉንም መለሰብን። ልጄ አንገቱን ደፋ። በመንገድ ላይ አንድም ቃል አልተናገረም።

ቤት ስንደርስ «ነግረኸኝ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩት። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ሰምቶ እንደማያውቅ ፊቱ ላይ አየሁ። በሳምንቱ ጫፉን ቀደን እንደገና ሠራነው። ሲያልቅ ጀርባዬን ሰጥቼ «መጀመሪያ እኔን ምታኝ» አልኩት። እየሳቀ መታኝ፤ አላመመኝም። በሚቀጥለው ጨዋታ ሰይፉ አለፈ።

ለወላጆች

እንግዲህ ልጅዎ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢያቀርብልዎ እነዚህን ያስቡ፦

• ከመግዛትዎ በፊት የሚሄድበትን ቡድን ደንብ ይጠይቁ፤ አንዱ የፈቀደውን ሌላው ሊከለክል ይችላል። የዕድሜ ገደቡንም ያረጋግጡ።
• ለጀማሪ መሣሪያ የሚያውሱ ቡድኖች አሉ፤ መጀመሪያ ተውሶ ይሞክር።
• ያገለገለ ሰይፍ ከገዙ ጫፉን ይጫኑት። ስፖንጅ በምት ብዛት ይደክማል፤ ዘንጉ ከተሰማዎት አይውሰዱት።
• የሚያወጡትን ገንዘብ ባልና ሚስት አስቀድማችሁ ተስማሙበት።

ያ ሰይፍ ዛሬ ልባሱ ተቀዳዶ ጋራዥ ውስጥ ቆሟል። ልጄ አሁን ጋሻ መሥራት ይፈልጋል። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ እንዳይሰጡኝ አስቀድሜ ለአለቃዬ ተናግሬያለሁ።